የአምስት ዓመት ቀጠሮ

ውድነሽ እንደምትሞት ያወቀችው ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ጋርላንድ ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ፣ የወረቀት ቀሚስ ለብሳ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ሳለ ነው። ትሞቻለሽ ያላት ሰው የለም። ዶክተሯ እንዲያውም ደጋግማ የነገረቻት ምንም እንደሌለባት ነበር፤ ውድነሽን ያሳመናትም ይኸው ነው።

መቼም ሴትዮዋን ሳታውቁ አትፍረዱባት። ውድነሽ የሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት ናት። ዳላስ አካባቢ ከመጣች አሥራ ስምንት ዓመቷ ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ አሥራ አራቱን ቢጫውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራለች። ስልሳ ሁለት ልጅ ከኋላዋ ጭና በመስተዋቱ አንዴ ገልመጥ ስታደርጋቸው አውቶቡሱ ጸጥ ይላል። ፈሪ አይደለችም፤ ሞኝም አይደለችም። ሐኪም ቤት ግን አትወድም። ጠዋት ልጆቹን አድርሳ ከሰዓት እስክትመልሳቸው ባለው ክፍት ጊዜ ቀጠሮውን የያዘችላት ልጇ ዜማ ናት፤ ለዚያውም ሁለት ወር ሙሉ ነዝንዛ።

«ማሚ፣ የማህፀን በር ምርመራ፣ ፓፕ፣ ካደረግሽ ዘጠኝ ዓመት አለፈሽ እኮ።»

«እኔ ምን ሆኜ ነው የምታየው?»

«ሶ፣ ምንም ሳትሆኚ ነው የሚታየው። ባስሽን በየቀኑ ቼክ የምታደርጊው ተበላሽቶ ነው?»

እውነትም በየማለዳው ገና ሳይነጋ፣ ቅጽ በእጇ ይዛ አውቶቡሱን ትዞረዋለች፤ ጎማውን፣ መብራቱን፣ ፍሬኑን፣ የድንገተኛ መውጫውን በር። ያገኘችውን ሁሉ ትጽፋለች። አንዳንዱ ተጽፎ ይታለፋል። አንዳንዱ ከተገኘ ግን አውቶቡሱ ከግቢ አይወጣም። ልጇ በዚህ ነው የረታቻት።

ዶክተር ትራን ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። በመብራት አየቻት፣ ናሙና ወሰደች፣ ጓንቷን አወለቀችና ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

«የማህፀን በርዎ ላይ ፈሳሽ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች፣ ሲስቶች፣ አሉ» አለቻት። «ናቦቲያን ሲስት ይባላሉ። በተለይ የወለዱ ሴቶች ላይ ሁልጊዜ የምናየው ነው። ምንም አይደለም፤ ምንም ማድረግም አያስፈልግም። የናሙናው ውጤት በስልክዎ ይመጣል። ይሂዱ፣ ደስ ብሎዎት ይኑሩ።» ይህን ብላ ፈገግ አለችና ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረገቻት።

ውድነሽ እንግሊዝኛው አልገባትም እንዳትሉ። በእንግሊዝኛ ከሦስት አለቃ ጋር ተጣልታ ሦስቱንም የረታች ሴት ናት። ቃል በቃል ገብቷታል። የማይገባትን አንድም ቃል አልተናገረችም ዶክተሯ። ነገር ግን ውድነሽ ይህን ንግግር ቀድሞ ታውቀዋለች፤ ራሷ ተናግራዋለችና።

ታላቅ እህቷ ሐይማኖት ከሃያ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ታማ ተኝታ ሳለች፣ ሐኪሙ ውድነሽን ወደ ጥግ ጠርቶ «ወደ ቤት ይዛችኋት ሂዱ፤ ያሰኛትን ትብላ» አላት። ካርዷ ላይ ቀጠሮ አልጻፈም። ውድነሽ እንባዋን መጸዳጃ ቤት ጨርሳ፣ ፊቷን ታጥባ፣ እህቷ ጋ ተመለሰችና ፈገግ ብላ «ምንም የለብሽም አለ። መድኃኒትም አያስፈልጋትም አለ። ሂዱና ደስ ብሏችሁ ኑሩ አለን» አለቻት። ከዚያ በኋላ ያ ቤት አራት ወር ሙሉ ፈገግ እንዳለ ኖረ። ጠያቂው ሁሉ በር ላይ እንባውን ጠርጎ ነበር የሚገባው። አንድ ቀን ሐይማኖት እጇን ይዛ «ውዴ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ የምናገረው ነገር አለኝ» ስትላት፣ ውድነሽ «ተይ አታሟርቺ፣ ድነሽ ትናገሪዋለሽ» ብላ ሾርባ አጎረሰቻት። ሐይማኖት ዳግመኛ አልጠየቀችም። ልትናገር የፈለገችው ነገር ምን እንደነበር እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም፤ ውድነሽም ስለዚያ ሾርባ ራሷን ይቅር ብላ አታውቅም።

እንግዲህ እኛ አገር በብርቱ ለታመመ ሰው አይነገርም፤ ታማሚው ከሰው ፊት ላይ ማንበብ አለበት። ውድነሽም አነበበች። አንደኛ፣ ፈገግታው። ሁለተኛ፣ ቀጠሮ አልተሰጣትም። ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ልብሷን ለብሳ ስትወጣ ዶክተሯና ዜማ ኮሪደሩ ላይ ቆመው በዝግታ ያወራሉ፤ ዜማ ዓይኗ በርበሬ መስሏል፣ አፍንጫዋን በሶፍት ትጠርጋለች። እናቷን ስታይ ሶፍቱን ኪሷ ከታ ፈገግ አለች።

በጥር ወር ሲደር የሚሉት የዛፍ ብናኝ ዳላስን በሙሉ እንደሚያስለቅስ ውድነሽ አሳምራ ታውቃለች። ባለፈው ሳምንት ራሷ ስታስነጥስ ነው የከረመችው። ያን ጊዜ ግን ሲደር ትዝ አላላትም።

«ማሚ፣ ምሳ ልጋብዝሽ» አለች ዜማ መኪናው ውስጥ። «የፈለግሽውን እዘዢ።»

ኮሌስትሮልሽ ከፍ ብሏል ከተባለችበት ቀን ጀምሮ ዜማ ከእናቷ ቤት ቅቤ አባርራለች። ውድነሽ ልትፈትናት ፈለገች።

«ክትፎ?»

«ኦኬ፣ ክትፎ።»

«ለብለብ አይደለም፤ ጥሬውን።»

«ዛሬ ያንቺ ቀን ነው፣ ማሚ።»

አለቀ በቃ፣ አለች ውድነሽ በልቧ። ያሰኛትን ትብላ ተብሏል። ዜማ በበኩሏ ክትፎውን የጋበዘቻት ሌላ የምትለው ነገር ስለነበራት ነው፤ ሁለት ዓመት ሲያጣላቸው ስለኖረው ስለ ፍቅረኛዋ ስለ ሲላስ። በልታ ስትጠግብ እነግራታለሁ ብላ አስባ፣ ሲደርስ ፈራችና ስለ አየሩ አወራች። እናቲቱም የልጇን ከንፈር መንቀጥቀጥ እንደ ሌላ ምልክት ቆጠረችው። ክትፎውን ግን አልተወችውም፤ ሞት የማይቀር ከሆነ ክትፎው ለምን ይቀራል ብላ ከነአይቡ ጨረሰችው።

በቀጣዩ ቀን ጠዋት እንደ ሁልጊዜው አውቶቡሷን ዞራ መረመረች፣ ልጆቿን አደረሰች፣ ከዚያም ሹፌሮች የሚያርፉበት ክፍል ቁጭ ብላ በምርመራ ቅጽ ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረች። አላለቀሰችም። የዕድሩ ወረቀት የት እንዳለ ለጓደኛዋ ለሰብለወርቅ ይነገር። በእጇ ያለው የእመቤታችን ማኅበር ጽዋ ለተረኛዋ ይሰጥ። ሦስተኛው መስመር ላይ «ዜማ» ብላ ጻፈችና እስክሪብቶው ቆመ።

ዜማ አንድ ልጇ ናት። አባቷ ገና በሕፃንነቷ ጥሏቸው ሄዶ ሲያትል ሌላ ቤት ሠርቷል። እህት የላትም፣ ወንድም የላትም፣ ያላት ሲላስ ነው። ሲላስ ደግሞ ጴንጤ ነው። ቤድፎርድ ሆስፒታል ውስጥ መተንፈስ ያቃታቸውን ሰዎች የሚያስተነፍስ ባለሙያ ነው፤ እሑድ እሑድ ሌዊስቪል በሚገኝ የአማርኛ ቸርች ኪቦርድ ይጫወታል። ልጁ ጨዋ እንደሆነ የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ። ውድነሽ ግን ለሁለት ዓመት የመለሰችው አንድ መልስ ነው፤ «እኔ በቁሜ እያለሁ ይህ አይሆንም።» ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ደጇንም አሳልፋው አታውቅም፤ ዜማም ከእናቷ ተጣልታ አትጋባም፤ ነገሩ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ።

እስክሪብቶዋን እንደያዘች ሐይማኖትን አሰበች። ሐይማኖት የምትናገረው ነበራት፤ አልተፈቀደላትም። እኔስ ማን ከለከለኝ? አለች። እነሱ ይዋሹኝ፤ እኔ ግን የምናገረውን ተናግሬ ነው የምሄደው። ከዜማ ስም አጠገብ «ሲላስ፣ ቅዳሜ፣ ምሳ» ብላ ጻፈች።

ሲላስ ቅዳሜ አበባ ይዞ መጣ፤ የት እንደሚቀመጥ ጠፍቶት በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ፣ ቁጭ በል። አበባውን ለእሷ ስጣት፤ እኔ አልበላውም» አለችው ውድነሽ።

ምሳው ቀረበ። ሲላስ እጁን ታጥቦ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ።

«ትጾማለህ?» ብላ ጀመረች።

«እንጾማለን፣ እትዬ ውድነሽ። ማለቴ፣ እንደ እርስዎ አይደለም፤ ቀኑን ራሳችን ነን የምንመርጠው።»

«ቀኑን ራሳቸው ይመርጣሉ!» አለች ውድነሽ ወደ ጣሪያው እያየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሆስፒታል ስትሠራ፣ ሰው ሲሞት አጠገቡ ሆነህ ታውቃለህ?»

«ብዙ ጊዜ።»

«ትሸሻለህ?»

ሲላስ ጥያቄው ከየት እንደመጣ አልገባውም፤ ቢሆንም አሰበበት። «አልሸሽም። ማሽኑን ካጠፋሁ በኋላም እቆያለሁ። ብቻውን መሆን የለበትም።»

ውድነሽ ልትሰማ የፈለገችውን ሰማች። ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችው፤ ዜማ ሹካዋ ከእጇ ወደቀ። «ፈቅጃለሁ» አለች ውድነሽ። «በየትኛው ቸርች፣ በየትኛው አዳራሽ አልልም። ብቻ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይሁን።»

«ማሚ! ጾሙ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው! አዳራሽ በሦስት ሳምንት አይገኝም፣ ሰው ዓመት ሙሉ ነው ቡክ የሚያደርገው።»

«ፈልጊ። የፈለገ ያገኛል።»

ዜማ ጮኸች፣ አለቀሰች፣ እናቷን እየደጋገመች ሳመች። ውድነሽ የልጇን ጀርባ እያሻሸች፣ ደስታዋ አንጀቷ ድረስ ገባ፤ ሐዘኗም እንዲሁ። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ሲመጡ ያን ያህል ከባድ እንደሆኑ አታውቅም ነበር።

አዳራሹም ተገኘ፤ ሌላ ሠርግ ተሰርዞ ክፍት የሆነ። እስከ ረቡዕ ድረስ ሁሉም ነገር በውድነሽ እቅድ ሄደ። ረቡዕ ላይ ሰብለወርቅ አበላሸችው።

ሰብለወርቅ በአውቶቡሱ ላይ ሕፃናቱን የምትጠብቅ የሥራ ባልደረባዋና የአሥራ አራት ዓመት ጓደኛዋ ናት። ውድነሽ የዕድሩን ወረቀት ቦታ ለእሷ ብቻ ነግራ፣ ለማንም እንዳትናገሪ ብላ አስምላታለች። ሰብለወርቅ ሚስጥር ለመጠበቅ የምትሞክር ሴት ናት፤ ሙከራው አንድ ቀን ቆየ። ረቡዕ ማታ ዜማ ጋ ደውላ «ውድነሽን ምን አገኛት?» ብላ እየተንሰቀሰቀች ጠየቀቻት።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ዜማ ከሌዊስቪል ቢሮዋ ምሳ ሳትበላ ነድታ፣ የአውቶቡሶቹ ግቢ ውስጥ ፓርክ አደረገችና ወደ እናቷ መጣች። ውድነሽ አውቶቡሱን እየጠረገች ነበር።

«ማሚ፣ ካንሰር አለብኝ ብለሽ ነው? ለዚህ ነው ሲላስን የፈቀድሽው?»

ውድነሽ መጥረጊያውን አቆመች። «ማን ነገረሽ?»

«ማሚ፣ ሊስን። ምንም የለብሽም። የፓፑ ሪዛልት ስልክ ላይ በከፈትኩልሽ አካውንት መጥቷል፣ ኖርማል ነው። ሲስቱ ምንም አይደለም። ዶክተሯ የነገረችሽ እውነት ነው!»

ውድነሽ ልጇን አየቻትና በጣም በፍቅር ፈገግ አለች። «እኔም ለሐይማኖት እንዲሁ ብያት ነበር» አለች። «ከአንቺ በተሻለ አማርኛ።»

ዜማ በአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ሲደሩም አለበት፣ ንዴቱም አለበት። «ማታ ከሲላስ ጋ አወራን። ዝም ብንል ሠርጉ ያልፋል እኮ አልኩት። ማለቴ፣ ከሠርጉ በኋላ ልነግርሽ አሰብኩ። እሱ ግን "ትሞታለች ብላ ከሰጠችን አልሰጠችንም" አለ። እኔም አውቀዋለሁ። ሶ፣ አሁን ነገርኩሽ። ቃልሽን ብትመልሺው አልቀየምሽም። ብቻ እመኚኝ። ምን ባደርግ ነው የምታምኚኝ?»

ውድነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበችውን ተጠራጠረች። የሚዋሽ ሰው ቃልሽን መልሺ አይልም። እሷ ሐይማኖትን ስትዋሽ አንድም ራሷን የሚጎዳ ነገር አልተናገረችም ነበር። ቢሆንም የሃያ ዓመት ፍርሃት በአንድ ቃል አይነቀልም። «ዶክተሯን ኮል አድርጊልኝ» አለች። «ልገባ ነው። ብቻዬን።»

ቀጠሮው ሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሆነ። ውድነሽ ልጇን መኪና ውስጥ ትታ ገባች፤ በሩን በገዛ እጇ ዘጋችና ተቀመጠች። ዛሬ የለበሰችው የወረቀት ቀሚስ አይደለም፤ የሥራ ጃኬቷን ነው።

«ዶክተር፣ ልጄ ውጭ ናት። እኔ የምደነግጥ ሴት አይደለሁም። ስንት ወር ቀረኝ?»

«ለምን?» አለች ዶክተር ትራን።

«ለመሞት።»

ዶክተሯ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች። ዛሬ ፈገግ አላለችም፤ ውድነሽም ይህን አስተውላ ወደደችው። «ሊሞቱ ነው ያለዎት ማን ነው?»

«አንቺ ነሻ! ምንም የለብሽም አልሽ፣ ምንም ማድረግ አያስፈልግም አልሽ፣ ቀጠሮ አልሰጠሽኝም። ከዚያ ልጄን ኮሪደር ላይ ጠርተሽ አስለቀስሻት።» ቀጥላም ስለ ሐይማኖት ነገረቻት፤ ስለ ሾርባው ጭምር።

ዶክተሯ ሳታቋርጥ አዳመጠች። «የእኔም አያት ሳይነገራት ነው የሞተችው» አለች ዝግ ብላ። «እኛም ቤት እንዲሁ ነው። እዚህ ግን የእርስዎን ነገር ያለ እርስዎ ፈቃድ ለልጅዎ ብነግር ሥራዬን ያሳጣኛል። ኮሪደር ላይ የነገርኳት ለሲደሩ የሚሆን የአፍንጫ መድኃኒት ነው። አሁን ደግሞ ለእርስዎ አንድም ሳልደብቅ ልናገር።»

አልጋው ላይ ከተነጠፈው ነጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ክብ ሣለችና መሐሉን ቀዳዳ አደረገችው። «ይህ የማህፀን በር ነው። ላዩ ላይ ንፍጥ የመሰለ ፈሳሽ የሚያወጡ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ከወሊድ በኋላ፣ ወይም ቆስሎ ሲድን፣ አዲስ ቆዳ ያድግና የአንዳንዶቹን አፍ ይሸፍነዋል። ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ውስጡ ይጠራቀማል። ሲስቱ ይኸው ነው። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰርም አይለወጥም።»

«ታዲያ የሚነካው መቼ ነው? ፈጽሞ አይነካም ካልሽኝ አላምንሽም።»

«ይነካል እንጂ። አድጎ ማመም ወይም ወደ ታች መጫን ከጀመረ ይነካል። ደም ካመጣ እናየዋለን። በሩን ሸፍኖ ናሙና መውሰድ ካስቸገረኝ አፈርጠዋለሁ። መልኩ ካላማረኝም ቆንጥሬ ወስጄ አስመረምረዋለሁ። ማከሙ ራሱ ቢሆን ከፍቶ ማፍሰስ ወይም መተኮስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ በደቂቃዎች ያልቃል። የእርስዎ ትልቁ የምስር ፍሬ አያክልም፤ ናሙናውም ንጹሕ ነው፣ ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስም የለብዎትም። ስለዚህ ብነካው የማቆስልዎት በከንቱ ነው።»

ውድነሽ ሥዕሉን አጎንብሳ አየችው። ከሁሉም የገባት ያ «ይነካል እንጂ» የሚለው ነው። ሐይማኖትን ያየው ሐኪም መቼ እንደሚነካ አልተናገረም፤ ቢነካም ባይነካም ለውጥ አልነበረውማ።

«ስለዚህ ጭረት ነው በይኛ» አለች።

«ምን?»

«አውቶቡስ ላይ። በየጠዋቱ እመረምረዋለሁ። ጭረት ካለ ተጽፎ ይታለፋል፤ አውቶቡሱ ይሄዳል። የፍሬን ችግር ከሆነ ግን ግቢ ይቆማል።»

ዶክተር ትራን ሳቀች። «በትክክል። ጭረት ነው፤ ጽፌዋለሁ። በእርስዎ ዕድሜ ግን ወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም የሚባል ነገር ካዩ ያ ፍሬን ነው፤ ጠብታም ቢሆን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በማግስቱ ይምጡ። አለበለዚያ ለዚህ ምርመራ የምፈልግዎት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።»

«ከስንት?»

«ከአምስት ዓመት።»

«ጻፊልኝ» አለች ውድነሽ። እጇን ዘረጋች። «ካርድ ላይ ጻፊልኝ።»

ዶክተሯ ከጠረጴዛዋ የክሊኒኩን ካርድ አንስታ ጀርባው ላይ «ጃንዋሪ 2031» ብላ ጻፈችና ሰጠቻት። ውድነሽ ቁጥሩን ደጋግማ አነበበችው። የሚሞት ሰው ቀጠሮ ከተሰጠውም ለሳምንት ነው። አምስት ዓመት የሚቀጠረው፣ በአምስተኛው ዓመት ይመጣል ተብሎ የታመነበት ሰው ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ውድነሽ አለቀሰች። ለራሷ አይደለም፤ ለሐይማኖት ነው። በሞት ፊት ያልወጣ እንባ፣ አልሞትም ስትባል ወጣ። ዶክተሯ ሶፍት አቀበለቻት። ውድነሽ ስትጨርስ ተነሥታ ሥዕሉ ያለበትን ወረቀት ከአልጋው ላይ ቀደደች፤ አራት ቦታ አጥፋ ከካርዱ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መኪናው ውስጥ ዜማ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቃለች። ዓይኗ እንደ ወትሮው ቀልቷል፤ መቀመጫው ላይ የአፍንጫ መድኃኒት ወድቋል።

«ሶ?»

ውድነሽ ቀበቶዋን አሠረች። ካርዱን አውጥታ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠችላት። ዜማ አንብባ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ሆኖም ደስታዋን ሳትጨርስ ፊቷ ተለወጠ።

«ሶ፣ አሁን አወቅሽ። አዳራሹን ካንስል አድርጊ ካልሽኝ ኦኬ ነው። ማለቴ፣ ኦኬ አይደለም። ግን ገባኝ።»

«ካንስል አድርጊው» አለች ውድነሽ።

ዜማ ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች።

«ቀና በይ። በሦስት ሳምንት ምን የሚረባ ድግስ ይደገሳል? እንዲያ የሚቸኮለው ለሚሞት ሰው ነው። እኔ የማላየው ሠርግ መስሎኝ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ይሁን፤ ተዘጋጅተን፣ ጠላው ጠላ ሆኖ፣ የሲላስ ወገኖች ባይጠጡት ለእኔ ይተርፋል።»

ዜማ ቀና አለች። አልገባትም፣ ወይም ገብቷት ፈራች።

«እህቴን አራት ወር ዋሸኋት» አለች ውድነሽ። «ስለምወዳት ነበር። አንቺ ግን ልብሽ የሚፈልገውን ሁሉ ይዘሽ፣ አንዲት ቀን መዋሸት አልቻልሽም። እሱም አልቻለም። ጾሙን ራሱ ይምረጥ አይምረጥ እግዜር ይወቀው፤ እውነት የሚነግርሽ ሰው ግን አግኝተሻል። እኔ እንደሱ ያለ ሰው ለእህቴ አልሆንኳትም።» እንባዋን በጃኬቷ እጅጌ ጠረገችና ድምፅዋን አጠነከረች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ምን እያልኩሽ ነበር?»

«በቁሜ እያለሁ አይሆንም።»

«እ። በቁሜ እያለሁ ይሁን።»

ዜማ ቀበቶዋን ፈትታ የእናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ሁለቱም ተላቀሱ፤ የአሁኑ በሲደር የሚሳበብ አልነበረም። ፓርኪንጉ ውስጥ አላፊ አግዳሚው ዞር እያለ ያያቸው ነበር። በመጨረሻ ውድነሽ ሰዓቷን አየች።

«በይ ንጂ፣ ልጆቹ ሊወጡ ነው» አለች። «ለሲላስም ደውዪለትና ንገሪው። ገና አያመስግን በይው፤ አማቱ የትም አትሄድም።»